ጠፋችሁ

ሰዎቹ የጠፉት ጠፋችሁ ስለተባሉ ነው። ሌላ ምክንያት የፈለጉ ነበሩ፤ አላገኙም።

እኔ መጋረጃ እሸጣለሁ። ስሜ ምንትዋብ ነው፤ ሱቄ ገርጂ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከኮሪደሩ ማዶ ፈትለወርቅ የምትባል ሴት እንደኔው መጋረጃ ትሸጣለች። ጨርቁን የምናመጣው ከአንድ ቦታ ነው፤ የምንሰፋውም በአንድ ዓይነት ማሽን ነው። የእሷ ሱቅ ግን ሰው አይጠፋበትም፤ ከኔ ሱቅ ሰው ከጠፋ ሰነበተ። ልዩነቱ ቲክቶክ ነው ይላሉ። ፈትለወርቅ መጋረጃ ስትሰቅል ራሷን ትቀርጻለች፤ ያንን የሚያይ ሕዝብ ይከተላታል። እኔን የሚከተሉኝ እህቴ ማስተዋልና አንድ ቋንቋውን የማላውቀው የውጭ አገር ሰው ናቸው።

በዚህ የተነሳ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ፤ የታጠፈ ጨርቅ ዘርግቼ መልሼ አጥፋለሁ፤ በመስታወቱ ወደ ማዶ አያለሁ፤ ደግሞ ቁጭ እላለሁ። ማስተዋል ከስፌት ማሽኑ ቀና ሳትል፣ «እታለም፣ ደግሞ ተነሳሽ?» ትለኛለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን፤ ቤትም አብረን፣ ሱቅም አብረን። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ እጨነቃለሁ። ሥራ የተከፋፈልነው እንደዚህ ነው።

አራተኛ ፎቅ ላይ ይትባረክ የሚባል የኮምፒውተር ሰው ቢሮ አለው። የሕንፃው ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይለዋል፤ ተምሮ ይሁን ተሹሞ የጠየቀው የለም። አንድ ቀን የቢሮውን መጋረጃ ሊወስድ መጥቶ ስነሳና ስቀመጥ ቆሞ አየኝ።

«ተከታይ ፍለጋ ምን ያደክምሻል? ያለቀለት ተከታይ ማዶ አለልሽ» አለኝ። «ቦት የሚሉት ፕሮግራም ልሥራልሽ። የፈትለወርቅን ተከታዮች አንድ በአንድ እየዞረ በአንቺ ስም ሰላም ይላል። አይተኛም፣ ምሳ አይወጣም፣ አኩርፎ አይቀርም።»

«ነውር አይሆንም፣ ኢንጂነር?»

«ሰላምታ ምን ነውር አለው? ብቻ የሰው ሰላምታ መምሰል አለበት። ደንበኛ ስታዪ መጀመሪያ የምትያት ምንድን ነው?»

«ጠፋሽ ነዋ።»

«መጥታ የማታውቅ ከሆነችስ?»

«እሷማ ይበልጥ ጠፍታለች።»

ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቃል። በሕይወታችን አይተናት የማናውቃትን ሴት «ውይ፣ ጠፋሽ እኮ!» ካልናት ቆም ትላለች። ቆም ካለች «አለሁ» ትላለች። «አለሁ» ካለች በኋላ ዝም ብሎ ማለፍ ያሳፍራታል፤ ከዚህ በፊት ከኛ የገዛችው ነገር ምን እንደነበር ለማስታወስ ትሞክራለች። አንዳንዷ ታስታውሳለች። ይትባረክ ይህን ስነግረው እጁን አፋተገ።

ቦቱ በማግስቱ ሥራ ጀመረ። የሚልከው «ውይ፣ ጠፋሽ እኮ! በሰላም ነው? ምንትዋብ መጋረጃ» የሚል ነበር። ለወንድ ከሆነ «ጠፋህ» ይላል።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ስልኬ ቀኑን ሙሉ «አለሁ»፣ «አለሁ የኔ ቆንጆ»፣ «አለን፣ ሥራ በዝቶ ነው» እያለ ይንጫጫል። ሰው መምጣት ጀመረ። ማስተዋል ጎንበስ እንዳለች ትውላለች፤ እኔ ግን አሁንም አልተቀመጥኩም፤ አሁን ደግሞ ስልኩ አላስቀመጠኝም።

ቀጥሎ ቅሬታ መጣ። ቦቱ ሴትና ወንድ የሚለየው በፎቶ ነው፤ ሰው ደግሞ በራሱ ፎቶ ቦታ አበባ ያደርጋል፣ ልጁን ያደርጋል፣ መኪና ያደርጋል። አንድ ጡረታ የወጡ ሻለቃ «ጠፋሽ» ተባሉ። አንዲት ነፍሰ ጡር «ጠፋህ» ተባለች። ይትባረክ ወዲያው አስተካከለው።

«በብዙ ቁጥር አደረግኩት» አለኝ። «ጠፋችሁ። ወንድ አይል፣ ሴት አይል። አክብሮትም አለው።»

«ሰውየው አንድ ከሆነስ?»

«መጋረጃ ለአንድ ሰው አይደለም፣ ምንትዬ። ለቤት ነው።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ያን ቀን ይህን የሚለኝ አላገኘሁም።

መጀመሪያ የመጣው ኮት የለበሰ ረጅም ሰውዬ ነው። የሴት ስልክ ይዟል።

«ምንትዋብ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ባለቤቴን ጠፋሽ ብለሻታል።»

«ሰላምታ ነው።»

«አውቃለሁ። እሷ ግን ጠፋች።»

አልተቆጣም። እንደነገረኝ፣ ሚስቱ ሳሎን ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች መልእክቱን አነበበች፤ ማስታወቂያ ስለመሰላት አልመለሰችም። እሱ ስኳር ሊያመጣላት ጓዳ ገብቶ ሲመለስ ስልኩ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ሻዩ ይጨሳል፣ እሷ የለችም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቃት።

«ምን ላድርግልህ?» አልኩት።

«ምንም። የሳሎናችን መስኮት ስፋት ይኸው። ልታሠራው አስባ ነበር» አለና የተጻፈበትን ወረቀት ለማስተዋል ሰጥቶ ሄደ። ማስተዋል ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ከዚያ ጨርቅ ቆረጠች።

ከሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። ሰው ሲጠፋ ነው ጠፋ የሚባለው፤ እዚህ ግን መጀመሪያ ተባለ፣ ከዚያ ጠፉ። «አለሁ» ብለው የመለሱ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ያልመለሱት አልነበሩም። «ጠፋችሁ» የተባሉት ደግሞ እስከነቤተሰባቸው ነው የጠፉት። አንድ ኮንዶሚኒየም ላይ የአንድ ፎቅ በሮች ገርበብ ብለው ተገኙ፤ ቲቪው ይናገራል፣ ጫማው በር ላይ እንደተደረደረ ነው። ነገሩን የሰማች አንዲት ጎረቤት ሴት፣ «ምነው ጠፉ?» ብላ ነበር አሉ። ሰዎች ያቺን ሴት ዝም አሰኟት።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

«አቁመው» አልኩት ይትባረክን።

«አቆምኩት። የሄደው ግን ሄዷል።»

«የሄደውንም አጥፋው።»

«ባጠፋው "መልእክቱ ጠፍቷል" ነው የሚላቸው።»

«ያኔ ምን ይሆናል?»

«አላውቅም። ልሞክረው?»

«ተወው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቦቱ ደግሞ አፍም አልነበረውም።

ወደ ሱቅ ስመለስ የስፌት ማሽኑ መብራት በርቷል። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ነው፤ ጨርቁ የሰውየው የሳሎን መጋረጃ ነው፤ ጫፉ ሊያልቅ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶታል። ወንበሩ ላይ የማስተዋል ስልክ አለ። አነሳሁት። የተከፈተው ከኔ ሱቅ የመጣ መልእክት ነው፦ «ውይ፣ ጠፋችሁ እኮ! በሰላም ነው?» የተላከው የቁልቋል አበባ ፎቶ ላደረገች፣ ራሷን «የእናቴ ልጅ» ብላ ለሰየመች አንዲት የፈትለወርቅ ተከታይ ነው።

እህቴ በሌላ ስም ፈትለወርቅን ትከተል ነበር። መልእክቱ ሲደርሳት አፍራ ይሆናል ያልመለሰችው፤ ወይም ስቃ ይሆናል፤ አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት «ጠፋችሁ» ስላት።

«ማስተዋል» ብዬ ተጣራሁ። ሱቁ ትንሽ ነው፤ መጣራት አያስፈልገውም ነበር። ሰው እንዳጣሁ ያኔ ነው የገባኝ፤ ደንበኛ ሳይሆን ሰው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለኝ መርማሪ ትሁት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ።

«እህትዎ መቼ ጠፉ?»

«ጠፋችሁ ስትባል።»

«ማን አላቸው?»

«እኔ። በኔ ስም ማለቴ ነው።»

«ስለዚህ ያጠፏቸው እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ አጥፍቻለሁ።»

«ጥፋት ነው ያጠፉት ወይስ እህትዎን?»

«አንድ ቃል አይደለም?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኔ መጻፍ የምችለው አንዱን ነው» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ወንበሩን አየ፤ ቀጥሎ በሩን አየ። «እመቤት? የት ሄዱ?»

«እዚሁ ነኝ።»

ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ ተረኛውን ጠራ። ተረኛው ወፍራም ሰው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ሲል ተነሳሁለት።

በመንገዴ ነገሩን አሰብኩት፤ አስቸጋሪ አልነበረም። መልእክቱ «ጠፋሽ» አይልም፣ «ጠፋችሁ» ነው የሚለው። የተላከው ለ«የእናቴ ልጅ» ነው። እናታችን ያላት ልጅ ደግሞ ሁለት ነው። ሕንፃው በር ላይ ቦርሳዬን ሳይፈትሽ አሳልፎኝ የማያውቀው ጥበቃ ቀና አላለም።

ይትባረክ ስገባ አላየኝም፤ ስሙን ደጋግሜ ስጠራው ግን ጆሮውን አቀና።

«ምንትዬ? ድምፅሽ እየራቀ ነው።»

«ለእህቴ የተላከው እኔንም ይዞኛል።»

«መልስ ላኪዋ! ስልኳ እጅሽ ላይ አይደል?»

«አለን» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። መልእክቱ መሄድ አቅቶት ክቧ ትዞራለች። ነገርኩት።

«"አለን" አይሄድም» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ የለችማ። "አለሁ" በይ። እሱ ይሄዳል።»

«እሷስ?»

መሬቱን በጫማው ፈተገ። «የቤቱ መልስ እሱ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ሌላውን የሚጠይቅ የለም።»

የማስተዋልን ስልክ በሁለት እጄ ያዝኩ። አ ብዬ ጻፍኩ። ለ ብዬ ጻፍኩ። ሁ ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱም ፊደላት አሉ፤ የቀረኝ መንካት ነው። መኖር እፈልጋለሁ፤ ይህን አልደብቅም፤ ጣቴ መላኪያው ላይ ደርሷል። ደግሞ ያቺን አንድ ክንድ የቀረችዋን ጨርቅ አሰብኩ። «ሁ»ን አጠፋሁ። «ለ»ን አጠፋሁ። «አ»ን አጠፋሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ላክሽው?» አለ ይትባረክ።

«አልላክሁትም» አልኩት። አልሰማኝም። «ላክሽው ወይ፣ ምንትዬ?» እያለ ወደ መስኮቱ ሲጣራ ትቼው ወረድኩ።

ሱቃችን እንደተከፈተ ነበር። ለማሳያ የሰቀልናቸው መጋረጃዎች በየቦታቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ገለጥኩ። ማስተዋል ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ እንደ ልማዷ ስፒሎች በከንፈሯ ይዛለች። አንድ በአንድ አውጥታ የቀሚሷ ደረት ላይ ሰካቻቸው።

«ቆየሽ፣ እታለም።»

«ፈትለወርቅን ለምን ተከተልሻት?»

«መጋረጃዋ ያምራላ።»

«ያምራል» አልኩ። እውነት ነው፤ ያምራል። ስለው ምንም አላናደደኝም። እጇን ያዝኩት፤ የሞቀ እጅ ነው። አለቀስኩ፤ እሷም በመዳፏ ፊቴን ጠረገችልኝ። ቀጥሎ ካለው መጋረጃ በስተጀርባ፣ ሻይዋን ያልጨረሰችው ሴትዮ በትሕትና እጅ ነሳችን። ከሷ ቀጥሎ ያለውም መጋረጃ ሰው ነበረበት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም፣ እስከነልጆቹ። ቦታ ጠበብ ብሏል፤ ግን ማንም አላማረረም። ማስተዋል አጠገብ ቆምኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እግሬ አንድ ቦታ ረጋ።

ፈትለወርቅ የመጣችው ሱቋን ከዘጋች በኋላ ነው። የሷም ሱቅ ሰው አጥቷል፤ መጋረጃ ስትሰቅል የሚያያት ብዙ አልቀረም። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች። የስፌት ማሽኑን መብራት አጠፋች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለችልኝ፤ ስልኬ መደርደሪያው ላይ ጮኸ። ሄዳ አየችው፤ አላነሳችውም።

«አንቺ ምንትዋብ» አለች ለባዶው ሱቅ። «ምነው እንዲህ ጠፋሽ?»

ቦቱ እንዳለው አይደለም የተናገረችው። ድምፅዋ ውስጥ ንግድ አልነበረበትም፤ ትንሽ ተሰበረባት።

«አለሁ» አልኩ።

«አለሁ» አለች ማስተዋል።

ከየመጋረጃው ጀርባ ሁሉም «አለሁ» አሉ፤ ትልቁም፣ ትንሹም፣ በየራሳቸው ድምፅ።

ፈትለወርቅ ራሷን ዘንበል አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወደኛ መጥታ መጋረጃችንን በእጇ ያዘች፤ ነጋዴ ናትና መጀመሪያ ጨርቁን በጣቶቿ ፈተነችው። ሳበችው። ፊት ለፊት ሆንን። ትንፋሿ ፊቴን ነካኝ። እሷ ግን ያየችው ግድግዳውን ብቻ ነው፤ መጋረጃውን በጥንቃቄ መለሰችው፤ እጥፋቱንም አስተካከለችልን።

የሱቁን መብራት አጥፍታ በሩን ልትዘጋ ስትል ዞር አለች። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ነፋስ የለም። መጋረጃዎቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ ቀስ ብለው፣ ወደ ውጭ ተነፉ። ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ።