ጣቢታ የምትዞረው ቃል

ሆሴዕ ዕድሜውን ሙሉ ሆሳዕና ገበያ ዳር ልብስ ሲሰፋ ኖሮ፣ ዓይኑ መርፌ ውስጥ ክር አላስገባ ሲለው የስፌት መኪናውን ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ ቤት ገባ። ቤት የዋለ ወንድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የማያገባው ነገር የለም። ሚስቱ ጣቢታ ማለዳ በጉሙ ውስጥ፣ በእንሰቱ መሐል ብቅ ጥልቅ ስትል ከመስኮት ያያታል። እያየ እያየ፣ ይህች ሴት ከእኔ ጋር ተደስታ ኖረች ወይስ ችላኝ ብቻ ነው የሚል ሐሳብ ገባው።

በዚያ ሰሞን ልጃቸው ሐዳሳ ከሾኔ ደወለች። «በሬዲዮ ሰማሁ፤ ደስታ በልምምድ ነው የሚመጣው አሉ። ማታ ማታ እራት ላይ የቀኑን ደስታችሁን ተነጋገሩ» አለቻቸው። ሆሴዕ መጀመሪያ አፉ ተሳሰረ። ወንድ ልጅ ለሚስቱ «ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ደስ አለኝ» ይላል እንዴ? ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሯ ትሄድ የለ፣ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲጋመስ፣ ለማታ የሚናገረውን ሲለቅም ይውል ጀመር። የጎረቤት መዝሙር፣ ፀሐይ ያሞቀው ግድግዳ፣ የረጠበ የእንሰት ቅጠል ሽታ። ቀኑ እንደ ሕልም ለስልሶ ያልፍለት ጀመር።

ጣቢታም ተራዋ ሲደርስ ትናገራለች። ግን «ልቤ ሞላ» ትላለች፣ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ትላለች እንጂ አንድ ቀን «ደስ አለኝ» አትልም። ለሰው የሚነገር ነገር አይደል፣ ሆሴዕ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። የራሱ ደስታ በበዛ ቁጥር የእሷ ነገር ይብስ ያሳዝነው ነበር።

አንድ ማታ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። ቆጮውን ገፋ አድርጎ፣ «የሐዳሳ እናት፣ ምን በድዬሽ ነው?» አለ። «አንድ ቀን እንኳ ደስ አለኝ ብትዪ ምን አለበት?»

ጣቢታ ደንግጣ አየችው። ከዚያ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቅ ጀመር። «ስማቸውን እንዴት ልጥራ?»

«የማንን?»

«የአባትህን ነዋ።»

የሆሴዕ አባት ደታሞ ይባሉ ነበር። በእነሱ አገር ያገባች ሴት የአማቷን ስም ቀርቶ፣ በዚያው ድምፅ የሚጀምር ቃል እንኳ አታነሳም፤ ባሊሻ ይሉታል። ወንጌል ከገባ ወዲህ ብዙዎቹ ትተውታል። ደግሞስ ባሊሻ በሀዲይሳና በከምባትሳ ነው እንጂ በአማርኛ ማን ሰምቶ? ግን እሷ ከዱራሜ የመጣች ከምባታ፣ እሱ ሀዲያ፤ ጎጆ የወጡት በአማርኛ ነው። ስለዚህ አክብሮቷን ወደ አማርኛው ይዛው ተሻገረች። ደመናን ጉም፣ ደጅን ውጭ፣ ደህናን ሰላም እያለች ስትዞር፣ እሱ የዱራሜ አማርኛ መስሎት ነበር። ጅል በሉት።

«አባባ እኮ ካረፉ ስንት ዘመናቸው» አለ።

«ልተወው ብዬ ነበር» አለች። «ግን በየቀኑ ስዞረው ለመድኩት። ቃሉ አፌ ላይ በመጣ ቁጥር ዋጥ አደርገውና የማን ቤት እንደገባሁ አስባለሁ። ልቤን የሚሞላው እሱ ነው። ባሏን ሳትወድ ይህን ሁሉ የምትዞር ሴት አይተሃል?»

ሆሴዕ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እንግዲያው ዛሬ በይው» አላት፤ «አንዴ ብቻ። አባባ አይቆጡም።»

ጣቢታ አፏን ከፈት አደረገች። ግን መልሳ ዘጋችው።

«ዛሬ ካልኩልህ» አለች፣ «ነገ ምን ላደርግልህ ነው?»

ሆሴዕ ቆጮውን ቆርሶ አጎረሳት።