ወንበር አሟቂዋ አማቴ

ማተሚያ ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ የምጠራው እኔ ነኝ። ሲሠራ ማንም አያስታውሰኝም። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ "ነይ እስቲ፣ ቁጭ በይ" ሲለኝ ነገር እንዳለ ጠረጠርኩ።

"ማን እንደሚሠራና ማን ወንበር እንደሚያሞቅ ማወቅ እፈልጋለሁ" አለኝ። "ወንበር አሟቂው መጋዘን ወርዶ ካርቶን ይቆጥራል።"

ከባድ ሥራ አልነበረም። በኔትወርካችን ያሉትን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ እየዞረች "ኪቦርድህ ወይ ማውስህ ከተነካ ምን ያህል ሆነው?" ብላ የምትጠይቅ አጭር ፕሮግራም፣ ስክሪፕት የሚሉትን፣ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ ካለፈው "ሥራ ፈት" ብላ በቀይ ታወጣዋለች፤ የሚሠራውን በአረንጓዴ። በራሴ ኮራሁ፤ ኩራቴ ግን እስከ ምሳ እንኳን አልቆየም።

እንግዳ ተቀባይዋ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ ናት። ሄጄ ባይ ማውሷን የእጅ ሰዓቷ ላይ አስቀምጣ ጥፍሯን ትቀባለች፤ የሰከንድ ቆጣሪው ከሥሩ ሲዞር ማውሱ የተንቀሳቀሰ ይመስለውና ሥራ ላይ ነው። ብልሃቷን አድንቄ አለፍኳት። ጠዋት ቀይ፣ ከሰዓት ቀይ የሆኑት ደግሞ አራሚያችን ነበሩ።

አራሚያችን እጮኛዬን የወለዱ ሴት ናቸው። ሠርጋችን ደርሷል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መጋዘኑ በደረጃ ቁልቁል ነው። ምነው ያን ስክሪፕት የጻፈ እጄን ቁርጥማት በያዘው!

ክፍላቸው ገባሁ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ያነባሉ።

"እትዬ፣ ማውሱን አንዳንዴ እንኳን ነካ ነካ ቢያደርጉት?"

"ስህተት ሳላገኝ ምን ብዬ ልንካው?" አሉኝ። "እኔ የምሠራው በዓይኔ ነው። ለመሆኑ በዚህ ብልጠትሽ ነው ልጄን ያጠመድሽው?"

ሥራ አስኪያጁ ቀዩን ሲያይ ለመወሰን አፍታም አልፈጀበትም። "አራሚዋ ይውረዱ" አለ።

"እሺ" አልኩ፣ "ግን መጽሔታችን ላይ ስለ እርስዎ የሚወጣው ገጽ ማተሚያ ሊገባ ነው። መጀመሪያ በራስዎ ዓይን ቢያዩትስ?"

በራሱ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ከፈትኩለት። እጁን አጣምሮ ትጋቱን አነበበ፣ አርቆ አስተዋይነቱን አነበበ። ጨርሶ ከላይ ጀመረ። እኔ ከኋላው ቆሜ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ላፕቶፔን አዞርኩለት፤ ቀይ።

"ይሄ ሥራ ፈት ደግሞ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እያነበብኩ እኮ ነው!"

"እትዬም እያነበቡ ነው።"

ላፕቶፑን ወደ እኔ መለሰው። "አጥፊው ይሄን ነገር" አለ። "እሳቸውንም ራሴ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ። ግን… ስለ ልጅነቴ የተጻፈው አላጠረም?"

የምሥራቹን ልነግራቸው እየሮጥኩ ሄድኩ። እንደ ቅድሙ ናቸው፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ ፊታቸው ወደ ስክሪኑ። መነጽራቸው ግን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ወርዷል፣ ከንፈራቸው አይንቀሳቀስም፣ ቀጭን ማንኮራፋትም ይሰማል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ የጫማ ድምፅ ቀረበ።

ምን ላድርግ? እጄን በትከሻቸው ላይ አሳልፌ ማውሱን ነቀነቅኩ።

"ተይ ልጄ" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "የማነበውን መስመር ታስጠፊብኛለሽ።"