የኋላ እግሯን አሳየኝ

ወንድሜ ሪንክ ካሜራውን አንግቶ ሸምበቆው ረግረግ ውስጥ እንደገባ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ፖሊሶች በጀልባ ለቀናት ሲፈልጉት ነበር። የሄደው ከእኔ ጋር እልህ ተጋብቶ ነው፤ «ባለ ቢጫ እግሯ ዝንብ እዚህም አለች» ሲለኝ፣ «ሞኝህን ፈልግ!» ብዬው ነበር።

ንብ እየመሰሉ አበባ ላይ የሚያንዣብቡ ዝንቦች አሉ። ባለ ቢጫ እግሯና ባለ ጥቁር እግሯ ቁርጥ መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው የኋላ እግራቸው ብቻ ነው። ሰው በድረ ገጻችን ፎቶ ይልካል፤ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ሲብረን የትኛዋ እንደሆነች እንለያለን።

ትናንት ከሰዓት በሪንክ ስም የዝንብ ፎቶ ገባ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ! «የት ነህ?» ብዬ ጻፍኩ። መልስ የለም። «አንተ ደረቅ፣ ልታሳብደን ነው እንዴ?» አሁንም ዝም።

ለሲብረን ደወልኩለት።

«ሚንከ፣ ይቺ'ኮ ባለ ቢጫዋ ትመስላለች» አለኝ።

«ጥቁር ናት! ሪንክ ይሙት!» አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

ግራ ሲገባኝ፣ እንደ ልማዴ «የኋላ እግሯን አሳየኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ፎቶ መጣ። ዝንቧ ንቅንቅ አላለችም። እግሯ ቢጫ ነው።

እህቱን ዘግቶ ለዝንብ ይመልሳል? እሺ፣ በዝንብ እጠይቀዋለሁ አልኩ። «ምን ላይ ነው ያረፈችው? ራቅ ብለህ አንሣ።» ይህንን ለሁሉም ነው የምንለው።

ሌላ ፎቶ መጣ። ከእግሯ ሥር ነጭ አበባ የመሰለኝ ጥፍር ነበር። በልጅነቱ በር የጨፈለቀው አውራ ጣቱ። ሪንክ ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው ተኝቷል፤ ከኋላው ክንፉ የተሰበረው የነፋስ ወፍጮ ይታያል።

ሲብረን ፖሊሶቹን ወደ ወፍጮው ላካቸው። አገኙት። በገባበት ቀን ነው የሞተው አሉ፤ ካሜራውም ውሃ ውስጥ ሰጥሟል። ፎቶውን ደግሜ ባየው ሁለቱም እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው። ታዲያ ማን አነሣው?

«በፈጠረሽ፣ እንዳትመልሺ!» አለ ሲብረን።

እንዴት አልመልስም? ወንድሜ አይደለም እንዴ? እያለቀስኩ «ባለ ቢጫዋ ናት፤ ረታኸኝ» ብዬ ጻፍኩለት።

ሁልጊዜ የሚያበሽቀኝን ቃል መለሰልኝ።

«አላልኩሽም?»