አምላክን ቁልቁል ያየ ሰው

እማማ ኪኑዮ የሂራባያሺን ደጅ ያንኳኩት ፈገግ ብለው ነው። ክፉ ነገር ሲያስቡ ፊታቸው እንዲህ ያበራል።

«ነገ የበዓሉ ሰልፍ በደጅዎ ያልፋል» አሉት። «ታች ወርደው ከሰው ጋር እንዳይጋፉ። ፎቅዎ ላይ ሆነው፣ መስኮቱን ከፍተው ቢያዩት ነው የሚያምረው።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ለሰፈሩ እንግዳ ነው፤ አምላክ በማደሪያው ሆኖ በሰው ትከሻ ሲዞር ከላይ ቁልቁል ማየት ነውር መሆኑን ማን ይንገረው? ተሸካሚዎቹ እንዲህ ያለ ደፋር ካዩ ማደሪያውን እንደ ተሸከሙ ደጁን ይደረምሱታል። ከዚያ «አምላኩ ነው የገፋን» ይላሉ፤ ከአምላክ ጋር ማን ይካሰሳል?

ይበለው። በሰማይ ጠቀስ ፎቆቹ መሃል በቀረችው አሮጌ መንገድ ጫፍ የነበረችውን፣ ሁለት የድንጋይ ቀበሮዎች የሚጠብቋትን ጸሎት ቤት አፍርሶ የብስክሌት ማቆሚያ ያደረጋት እሱ ነው። ሁለቱን የድንጋይ ቀበሮዎች ከፍርስራሹ ጋር አስጭኖ አስጣላቸው። የልጅ ልጃቸው ናጊ ሕፃን ሳለች ሳንባዋን ታማ፣ ሐኪሙ ራሱን ሲነቀንቅ፣ እማማ ኪኑዮ የተጠበሰ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ለቀበሮዎቹ እያቀረቡ ጧት ማታ ለጸሎት እጃቸውን ያጋጠሙት እዚያ ነበር። ልጅቷ ዳነች። ታዲያ እንዲህ ያለ ውለታ በብስክሌት ጎማ ይረገጣል? አንጀታቸው እርር እንዳለ ከረመ።

ናጊ ዘንድሮ ከተሸካሚዎቹ አንዷ ናት። እማማ ኪኑዮ የሰፈሩን አለቃ ለምነው ከኋላ አስመደቧት፤ የሚጋጨው ፊተኛው ነውና።

በማግስቱ ከበሮው ሲቃረብ ሂራባያሺ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተና ክርኑን አስደግፎ፣ ቢራውን ይዞ ብቅ አለ። አንዱ ተሸካሚ ቀና ብሎ አየው። ማጉረምረሙ ከትከሻ ትከሻ ተዛመተ፤ ማደሪያው ተወዛውዞ ፊቱን ወደ ሂራባያሺ የመስታወት በር አዞረ። እማማ ኪኑዮ ደስታቸውን ሳያጣጥሙ፣ ከሁሉ ፊት፣ በላብ የተጠመቀውን የናጊን ፊት አዩ።

ዘለው ገብተው መቀነቷን ያዙ።

«ውጪ ልጄ። ውጪ ብዬሻለሁ።»

«አያቴ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«ከኋላ አልነበርሽም እንዴ?»

«ኋላው የአሮጊት ቦታ ነው። ለምኜ ተቀየርኩ።»

በጆሮዋ ሁሉንም ነገሯት፤ ግብዣውን፣ ወጥመዱን፣ መስታወቱን። ናጊ ሽቅብ አየችና ሳቀች።

«እንግዲያማ የትም አልሄድም። የተጣሉት ለእኔ ብለሽ የጸለይሽላቸው ቀበሮዎች አይደሉ?» ብላ መሸከሚያውን እንጨት ትከሻዋ ላይ አጠበቀች። ግትርነቱ ከማን እንደ መጣ እማማ ኪኑዮ ያውቁታል።

ማደሪያው ተንደረደረ። በመስታወቱ ውስጥ የልጅቷ ምስል ወደ ልጅቷ ሲመጣ ታያቸው።

«አቶ ሂራባያሺ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ አንጋጠው እየጮኹ፣ «ይውረዱ። አምላክ ከላይ አይታይም። ያሳሳትኩዎ እኔ ነኝ፤ ይውረዱ።»

ሰውየው ቢራውን ጥሎ፣ በባዶ እግሩ ወርዶ ደጁ ላይ ቆመ። ከላይ የሚያይ ሲጠፋ ማደሪያው እየተወዛወዘ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ናጊ አያቷን ዞራ ሳታይ አለፈች። ታኩርፍ፤ ብቻ ደህና ትሁን።

ሂራባያሺ ሰፈርተኛው ሁሉ እያየ ለእማማ ኪኑዮ ወገቡ እስኪታጠፍ ጎነበሰ። ለይቅርታ ይሁን ለምስጋና እሱም የሚያውቅ አይመስልም። በዚያ ሰፈር ሰው በስልክ ሲያወራ እንኳ ይጎነበሳል፤ አጸፋው ሳይመለስለት ቀና የሚል የለም። እማማ ኪኑዮ ግን ወገባቸውን እንደ ምሰሶ አቀኑ። ቀበሮዎቹ በየትኛው ጉድጓድ ተደፍተው ይሆን? ፀሐይዋ የሰውየውን ማጅራት ስትጠብሰው ቆመው አዩ፤ ከዚያም እንደ ጎነበሰ ትተውት ወደ ቤታቸው ገቡ።