ጥብቅ የሰፋችው ኪስ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «ጥብቅ» ይላታል። የሰፋችው አይተረተርማ! ጨርቁ አልቆ ስፌቱ ይቀራል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። የቀሚስ ጠርዝ ስትጨርስ በአንድ መስመር አትተወውም፤ ጥንድ አድርጋ ትሰፋዋለች። መንገድ ላይ ሴት ከኋላ ታይታ «ይሄማ የጥብቅ እጅ ነው» የሚባለው በዚያ ጥንድ ስፌት ነው። ጥብቅ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋ ታደርግና በሆዷ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች።

ሰፈሩ ሰላም ሳለ ሴቶቹ ኪስ የሚያሰፉት ለመሀረብ ነበር። ቦርሳ መንጠቅ ሲጀመር የውስጥ ኪስ መጣ፤ በቀሚሱና በገበሩ መካከል የሚሰፋ፣ በጎን ስፌት በኩል እጅ የሚገባበት። ዘንድሮ ያለ ውስጥ ኪስ ቀሚስ ያዘዘች ሴት የለችም። ወንጀል መጨመሩን ፖሊስ በመዝገብ ያውቀዋል፣ ጥብቅ ደግሞ በኪስ ታውቀዋለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡት አዋላጅ አንድ እጃቸውን ጎናቸው ላይ ጭነው ገቡ። የጥብቅ ታናሽ እህት ካውያዋን አስቀምጣ ወንበር ሳበችላቸው።

«እማማ፣ ምነው?» አለች ጥብቅ።

«ምን እላለሁ ልጄ! አውቶቡስ ስጠብቅ ግፊያ ነበር። ቤቴ ደርሼ ቁልፌን ላወጣ ብል እጄ ኪሱን ዘልቆ ጭኔን ነካኝ፤ ቁልፌም ጡረታዬም የለም።» ሳቅ አሉና መልሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ያን ሁሉ ሰው ራቁቱን የተቀበልኩ ሴትዮ፣ ዛሬ እኔው ተቀድጄ ደጄ ላይ ቀረሁ።»

ከመጋረጃው ኋላ ቀሚሳቸውን ሲለውጡ ጥብቅ አየችው፤ ግራ ጎናቸው ላይ ቀጭን ቀይ ጭረት። ምላጩ ኪሱን አልፎ ገላቸውን ነክቷል።

«ትንሽ ናት፣ አታካብጂ» አሉ አዋላጇ።

ትንሽ ነበረች። ሌባው እጁን ትንሽ ቢጫን ኖሮስ?

እሳቸው ከወጡ በኋላ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ለጥገና የመጡ ሁለት ቀሚሶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ የዳቦ ሻጯ፣ ሌላው የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ። ሁለቱም በምላጭ የተቀደዱ ናቸው። አወረደቻቸውና ወገብ ከወገብ እያጋጠመች አንዱን ባንዱ ላይ ደረበች።

ሦስቱ ቀዳዳዎች ልክ በልክ ገጠሙ። ጣቷን ብትሰድ ሦስቱንም አልፎ የጠረጴዛው እንጨት ቀዘቀዛት።

በግራ በኩል፣ ከወገብ አራት ጣት ዝቅ ብሎ። ስንት ዓመት ሙሉ እጇ ለምዶ ኪስ የምታስቀምጠው እዚያው ነው። ሌባው ጠርዙ ላይ ጥንዱን ስፌት ያያል፤ ከዚያ በኋላ መፈለግ አያስፈልገውም።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ። «ለሌባው ቦታውን ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

«ኧረ በፈጠረሽ!» እህቷ ሮጣ በሩን ዘጋችው። «ይህን ነገር ላንድ ሰው ትተነፍሺና አለቀልን። ማን ይመጣል ከዚህ በኋላ? ዝም ብለሽ የሚቀጥለውን በቀኝ ስፊ።»

«የተሰፉትስ? ለብሰውት እየሄዱ እኮ ነው።»

እህቷ ካውያዋን አንስታ የተተኮሰውን ሸሚዝ እንደገና ትተኩስ ጀመር።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። የፖሊስ ጣቢያው ሳጅን የሰፈሩን ካርታ ሰሌዳው ላይ ለጥፎ፣ ቀይ ነጥቦቹን በማስመሪያ እየጠቆመ አስረዳ። ደህና ሰው ነው፣ ድካሙም ፊቱ ላይ ይታያል። «ስርቆቱ ካለፈው ወር በእጥፍ ጨምሯል። ነጥቦቹ የበዙት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው፤ ጥበቃ እናቆማለን።»

ጥብቅ እጇን አወጣች።

«ሳጅን፣ እርስዎ መንገዱ ላይ የት እንደሆነ አሳዩን። እኔ ቀሚሱ ላይ የት እንደሆነ ላሳይ።»

ሦስቱን ቀሚሶች ደርባ በመስኮቱ ፊት ያዘቻቸው። ብርሃኑ በሦስቱም ቀዳዳ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጥንዱን ስፌትም፣ የእጇን ልማድም ሳትሸፋፍን ተናገረች።

ዳቦ ሻጯ ብድግ አለች። «እና ለሌባው አመቻችተሽ የሰጠሽን አንቺ ነሻ!»

«አዎ።»

«አዎ ትላለች እንዴ! አታፍሪም?»

«አፍራለሁ፣ እህቴ። አፍሬ ነው የመጣሁት።»

አዋላጇ ጎናቸውን ይዘው ተነሡ። «ከእናንተ ሁሉ እኔ ነኝ የተቧጨርኩት፤ ስለዚህ ልናገር። ዝም ብትል ኖሮ ማናችን እናውቅ ነበር? አሁን ስድቡ ይቆይና፣ ልጄ፣ ምን ይሻላል?»

ጥብቅ አራት ቀን ስታሰላስለው፣ ማታ ማታም ስትጸልይበት ነበርና መልሱ አፏ ላይ ነበር። «አዲሱን ኪስ እኔ አልሰፋም። እያንዳንዳችሁ በገዛ እጃችሁ፣ ደስ ባላችሁ ቦታ ስፉ፤ እኔም ማወቅ የለብኝም። መርፌ አያያዙን አሳያለሁ። አሮጌው ኪስ ቦታ ላይ ግን ሦስት ድርብ ጂንስ እሰፋለሁ። ሌባው አሁንም እዚያው ይቀድዳላ፤ ምላጩ ገላችሁ እንዳይደርስ ነው።»

በቀጣዩ ሳምንት ሱቋ ሞላ። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ቀሚሳቸውን በክርናቸው ከልለው ይሰፋሉ።

«ወዲያ ዙሪ፣ አየሽብኝ!»

«ምንሽን አያለሁ? ስፌትሽ ከሩቅ ያስቃል!»

ዳቦ ሻጯ እስከ አርብ ቀርታ፣ አርብ መጣች። በሩ ላይ ቆማ «ይቅር አላልኩሽም» አለች። «መርፌ ግን ስጪኝ።» ጥብቅ ክሩን አስገብታ ሰጠቻት። ዳቦ ሻጯ ጣቷን ሁለቴ ወግታ፣ ጠማማ ኪስ ሰፍታ ሄደች፤ ደህና ዋይም አላለች።

ከወር በኋላ በተደረገው ስብሰባ ሳጅኑ የስርቆቱ ቁጥር መቀነሱን ተናገረ፤ ጥበቃው ፍሬ አፈራ አለ። ጥብቅም ከሰው ጋር አጨበጨበች። ጥበቃውም ረድቶ ይሆናል።

በማግስቱ አዋላጇ መጡ፤ ደግሞ ያው ቀሚስ፣ ደግሞ ያው ቦታ ተቀድዷል። ጥብቅ ቀዳዳውን ፈልቀቅ አደረገች። የላይኛው ጨርቅ ተቀድዷል፤ አንደኛው ጂንስ ተቀድዷል፤ ሁለተኛው ላይ ምላጩ ጭረት ትቶ ቆሟል። ሦስተኛው አልተነካም። ቀሚሱን ሲያወልቁ ጎናቸውን አየች። አሮጌዋ ጭረት ድና፣ ነጭ መስመር ሆናለች፤ አዲስ ነገር የለም።

«ተመስገን» አለችና ግንባሯን ቀሚሱ ላይ አሳረፈች።

«ቁልፌም አለ፣ ጡረታዬም አለ» አሉ አዋላጇ፣ ልጅ እንደሚያሾፍ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው። «የት እንዳለ ልንገርሽ?»

«እማማ፣ በእናትዎ እንዳይነግሩኝ!» አለች ጥብቅ፣ ሁለት ጆሮዋን ይዛ።