በእርጥብ አሸዋ ላይ ሦስት ቀን

«በሐዘን ቤት ሥራ ይሠራል እንዴ? ኧረ ሰው ምን ይላል!» አለች ሃጂ ሳኒያ፣ የሟች እህት።

የሟቹ ልጅ ሱህራ በፕላስቲክ ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አነጠፈች፣ በላዩ ጨርቅ ዘረጋች። ከዚያ አባቷ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ላይ ሰቅሎት የኖረውን ፍሬም አወረደችና ጀርባውን በቢላ ፈልቅቃ ደረቁን ቢራቢሮ በወረንጦ አነሳችው። ግራ ክንፉ ጥቁር ነው፣ መሐሉ ላይ ሰማያዊ የምታበራ ነጭ ጨረቃ አለችበት፤ ቀኝ ክንፉ ደግሞ ቡናማ፣ የሴቷ ክንፍ። ግማሹ ወንድ፣ ግማሹ ሴት። ጨርቁ ላይ አሳረፈችው።

«ሥራ አይደለም አክስቴ» አለች ክዳኑን እየገጠመች። «አባዬ ዋሽቶ እንደሆነ ልይ ነው።»

ነገሩን የቆሰቆሰው የትናንቱ ቀብር ነበር። ኢማሙ እንደ ወጉ «ዳኤንግ ሲቱሩ ያስቀየመው ሰው ካለ አፉ ይበለው» ሲሉ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል!» አለ። ከኋላ ግን አንድ ድምፅ ብቻውን ቀረ። «እኔም የዚያችን የሙጫዋን ነገር አፉ ብየዋለሁ!» ዳኤንግ ቤታ ነበሩ፣ የአባቷ የገበያ ጎረቤት፤ «ዳኤንግ» በአገሩ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሱህራን ያንገበገባት ይኸው ነው። ያልተጠየቀ ምሕረት ከስድብ ይብሳል።

በባንቲሙሩንግ፣ በፏፏቴው በር ላይ፣ ቢራቢሮ በመስታወት ፍሬም አድርጎ መሸጥ ከአያት የወረደ እንጀራ ነው። አባቷ ሲቱሩ ያንን ጉድ ያገኘው ሱህራ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ ነው። ከጃፓን የመጣ አንድ ገዢ ፍሬሙን ይዞ ባርኔጣውን አውልቆ ብዙ ቆየ። ያኔ ዳኤንግ ቤታ ከጎን ሱቅ ሆነው ቀለዱ። «ሲቱሩ እጁ ወርቅ ነው! ባልና ሚስት አጣብቆ አንድ ቢያደርግ አይገርመኝም!» ገዢው ፍሬሙን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ሄደ። ቀልዷ ግን አልሄደችም። ሲቱሩ «ዳኤንግ ሙጫ» ሆኖ ቀረ፤ ጥሩ ጥሩውን የሚገዛው ስላጣ በቁልፍ መያዣ ሽያጭ አረጀ።

ደግሞ ሙጫ አያውቅም ነበር እንዳይባል ያውቃል። ለርካሾቹ የተሰበረ አንቴና ከካሳቫ ዱቄት በተሠራ ሙጫ ይጠግናል፤ ሱህራንም ያስተማራት እሱ ነው። ክንፍ ሲዘረጋ «አትተንፍሺ» ይላታል፣ ትንፋሽ ክንፍ ያናውጣልና። የመጨረሻው መርፌ ሲገባ «አሁን ተንፍሺ» ይላል፤ አባትና ልጅ እኩል እፎይ ይላሉ።

የካሳቫ ሙጫ እርጥብ አሸዋ ላይ ሦስት ቀን ከቆየ ይሟሟል። ይህን የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ያኔም ሱህራ «አባዬ፣ አሸዋ ላይ አስቀምጠውና አሳያቸው» ብላው ነበር።

«አሸዋ ላይ የሚቀመጠው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አላት። «የሚያምነኝ እንዲሁ ይመነኝ። አንቺስ? ታምኚኛለሽ?»

ሱህራ መሬት መሬቱን አየች። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃት።

በማግስቱ ለቅሶ ደራሹ ደረጃውን ሞላው። ሴቶቹ የዝንጅብል ሻይ ያድላሉ፤ ወንዶቹ በሹክሹክታ «ደግ ሰው ነበር» ይላሉ፤ ባዶው ፍሬም ላይ ዓይናቸው ሲያርፍ ወሬ ይለውጣሉ። ሱህራ በሰበብ አስባቡ ጓዳ እየገባች ሳጥኑን ታያለች። ክዳኑ በላብ ተሸፍኗል፣ ምንም አይታይም። ፈራች። ሁለት ቦታ ተከፍሎ ብታገኘው አባቷ በሳምንት ውስጥ ሁለቴ ሊሞትባት ነው።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዳኤንግ ቤታ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ኬክ ይዘው መጡ። ሱህራ ሳጥኑን አምጥታ ፊታቸው አኖረችው።

«ሦስት ቀን ሞልቶታል፣ ዳኤንግ። እርስዎ ይክፈቱት።»

ሽማግሌው ወዲያው ገባቸው።  ወረንጦውን ተቀብለው ቢራቢሮውን አነሱ። ክንፎቹ እንደ እርጥብ ሐር ለስልሰዋል። መሐሉን ነካ አደረጉት። ሳብ አደረጉት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ቀስ ብለው እፍ ቢሉበት፣ ጥቁሩም ቡናማውም ክንፍ እኩል ብድግ ብሎ እኩል ተመለሰ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ።

 ለቅሶ ደራሹ አንድ በአንድ እየተነሳ አንገቱን አሰገገ። አካሉ አንድ ነው፤ ግን ከራስ እስከ ጭራ ለሁለት ተካፍሏል፤ በወዲህ ጥቁር ጠጉር፣ በወዲያ ቡናማ፣ አንዲት ጠጉር እንኳ ድንበሯን አልተሻገረችም። ፏፏቴው ከሩቅ ይሰማል። ሃጂ ሳኒያ በሥራ የተቆጣችውን ረስታ ከሁሉም ፊት ቆማለች።

«ይህ የሰው እጅ አይደለም» አሉ ዳኤንግ ቤታ። «በቀደም ፊታችሁ አፉ አልኩት። እኔን አሁን ማን አፉ ይለኛል?»

«እርስዎስ ጎረቤት ነበሩ» አለች ሱህራ። «እኔ ልጁ ነኝ። እኔም አሸዋ አስፈልጎኛል።»

የለሰለሰ ቢራቢሮ ካልተዘረጋ ተጨማዶ ይደርቃል። ሱህራ የአባቷን መዘርጊያ ሰሌዳ አወጣች። ሽማግሌው ክንፍ የሚይዝ ቀጭን ወረቀት ያቀብላሉ፣ እሷ ክንፉን እየዘረጋች በመርፌ ታስይዛለች። በመጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥሎ ቡናማውን። ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

የመጨረሻዋን መርፌ ሰካች። እጇን አነሳች፣ ግን አልተነፈሰችም። እንደ ልማዷ ያቺን ቃል ጠበቀች። ደረቷ እስኪያማት ጠበቀች። «አሁን ተንፍሺ» የሚላት የለም።

«አዎ፣ አባዬ፣ አምንሃለሁ» አለች በመጨረሻ። ከቃሏ ጋር የወጣው ትንፋሽ ከወረቀቱ የተረፈውን የክንፉን ጫፍ ነቅነቅ አደረገው።