የባቄላ ማርሚታ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ምክር የሚጠየቅ ሰው ብዙ ነው፤ ምክሩ የሚሰማለት ግን ጥቂት ነው። ጋሽ ገብረ ሕይወት ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ከነተሳቢው ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸውና፣ የእህታቸው ልጅ ዳግም የራሱን መኪና ሊያጎለብት ሲነሳ መጀመሪያ የሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። የሄደው ግን ሊጠይቅ ሳይሆን ሊመረቅ ነበር።

መኪናዋ ባለ አንድ ሺህ ሲሲ፣ ነጭ፣ ክብ ነገር ናት። ሰፈሩ ባቄላ ይላታል። ቤንዚን አትጠጣም፣ ታሸተዋለች እንጂ። ዳግም በመምህር ደመወዝ የገዛትም ለዚሁ ነበር፤ እስከ ቅርብ ጊዜም ይመሰገንባት ነበር።

ነገር የመጣው ከአንኮበር ነው። የሚወዳት ሳሌም የመሪጌታ ወልደተንሣኤ ልጅ ናት፤ እሷን ደግሞ አንድ የአረርቲ ሽምብራ ነጋዴ ሊጠይቅ ማሰቡ ተወራ። ነጋዴው ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ አለው። ዳግም ይህን የሰማ ለት የተጨነቀው ስለ ሳሌም ልብ አልነበረም፤ ስለ ፈረስ ጉልበት ነበር። የሒሳብ መምህር ሆኖ ይህን እንዴት እንዳሰላው እግዜር ይወቀው።

ባለ ጋራዡ ጓደኛው ምስጋና አጽናናው። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ በሰፊው ቢቀየር ትንፋሿ ይከፈታል፣ ሞላዋ ቢያጥር መንገድ ትቆነጥጣለች፣ ከኋላዋ ስፖይለር የሚሉት ክንፍ ቢታሰርላት ነፋሱ ራሱ ተጭኖ ይይዛታል አለው። ዳግም ይህን ሁሉ ሲደግምላቸው ጋሽ ገብረ ሕይወት እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ነፋሱ የሚይዛት በስንት ስትሄድ ነው?»

«ከመቶ ሃያ በላይ፣ ጋሼ።»

«እሷስ በስንት ትሄዳለች?»

ዳገት ከሌለ፣ ሰው ካልተጫነ፣ ነፋስም ከኋላ ከሆነ ዘጠና እንደምትገባ ነገራቸው። እሳቸውም ጉልበት ካስፈለጋት ካንዴላዋ ይቀየር፣ ጎማዋ ይነፋ፣ ካምና ጀምሮ ከኋላዋ የተቀመጠው የድንች ጆንያም ይውረድላት አሉ። ምክሩ ነጻ ስለነበረ ዳግም ዋጋ አልሰጠውም።

በሳምንቱ ባቄላ ከጋራዥ ወጣች። ሆዷ መሬት ሊስም ጥቂት ቀርቶታል። ጀርባዋ ላይ አግዳሚ ወንበር የሚያህል ክንፍ ተሸክማለች። ድምጿ የእነዋሪን ገበያ ይበትናል። ፍጥነቷ ያው ዘጠና ነው፤ ልዩነቱ አሁን ዘጠና መሄዷን የማያውቅ ሰው አለመኖሩ ነበር።

የሽምግልናው ቀን እሑድ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጋሽ ገብረ ሕይወት፣ የዳግም የንስሐ አባት ቄስ ገብረመንፈስቅዱስ፣ አከራዩም አቶ ታደለ። አቶ ታደለ ለብቻቸው ወንበር ተኩል ይሞላሉ። ለጉዞ ሲነሱ ጋሽ ገብረ ሕይወት ዳግምን ልማዱን አስታወሱት፤ ሚስት የሚጠይቅ ጎረምሳ ሽማግሌዎቹን አድርሶ ከሩቅ ይቆያል፣ በዚያን ቀን አለመታየቱ ነው ክብሩ። ዳግም አልታይም ብሎ ማለ። ስለ መሰማት ግን ማንም አላነሳም።

መንገዱ እንኳን ለባቄላ ለፒካፑም አያዝንም። ጎርበጥ ያለ ነገር በመጣ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ይወርዳሉ፣ እሷ ሆዷን እየፋቀች ታልፋለች፣ እነሱ ተከትለው ይሳፈራሉ። ገብስ የጫነ ባለ አህያ ቀድመው ሰላምታ ሰጡት፤ ቆየት ብሎ እሱም ቀድሟቸው ሰላምታቸውን መለሰ። የአንኮበር ቁልቁለት ሲጀምር ጋሽ ገብረ ሕይወት ሞተሩን አጥፋ አሉና፣ ሽማግሌዎቹ ዳግምን እዚያው ትተው በጉሙ ውስጥ በእግራቸው ወረዱ።

ከመሪጌታ ደጃፍ ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ቆመው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፣ ተለምነው ተቀመጡ። ቄሱ ነገሩን ከፈቱ። ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ዝምድና አልተገኘም። ከጓዳው መጋረጃ ሥር የሳሌም ጫማ ይታያል። መሪጌታ ወደ ጋሽ ገብረ ሕይወት ዞሩ።

«እርስዎ በጭነት ዘመንዎ ያደረሱት እህል ጎድሎ አያውቅም ሲባል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ከእርስዎ አፍ ልስማው። ልጁ አስተዋይ ነው?»

ጋሽ ገብረ ሕይወት አፋቸውን ሲከፍቱ ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ባቄላ አገሣች። ዳግም በርዶት ማሞቂያ ሊያበራ ሞተር አስነስቷል። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ዶሮዎች ከአጥር ዘለሉ።

«ወፍጮ ይሆናል» አሉ ቄሱ።

«በእሑድ?» አሉ መሪጌታ።

አቶ ታደለ ጣራውን ማየት ጀመሩ። ጋሽ ገብረ ሕይወት የጭነት መኪና ነው ቢሉ ያምኗቸዋል፤ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ጎድሎ የማያውቅ ነገር ዛሬ በአንድ ማርሚታ ሊጎድል ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጃችን ነው የሚጮኸው፣ መሪጌታ። ማስተዋሉን ጠየቁኝ፣ እሱ ራሱ እየመለሰልዎ ነው፤ ገና ይቀረዋል። መኪናዋ ትንሽ ብትሆንበት እዚህ ቤት እንዳያንስ ፈርቶ ነው እንዲህ ያደረጋት። አይጠጣም፣ ቃሉን አያጥፍም፣ እናቱን ይጦራል። ነውሩ ይኸው አሁን የሰሙት ነው። ሌላ ቢኖረው እነግርዎ ነበር።»

ከመጋረጃው ኋላ በነጠላ የታፈነ ሳቅ አመለጠ። መሪጌታ ወደዚያ አዩ፣ ጢማቸውን ያዙ።

«የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» አሉ በመጨረሻ። «ሳልሰማችሁ ካየኋችሁ እንነጋገራለን። ሳላያችሁ ከሰማኋችሁ ግን ደጄ ድረስ አትድከሙ።»

ሽማግሌዎቹ ዳገቱን ሲወጡ ጉሙ እስከ አጥንታቸው ገብቶ ነበር። ዳግም ከሞቀው መኪና ወጣና ሮጦ ተቀበላቸው።

«ጋሼ፣ ድምፁ እታች ድረስ ይሰማል እንዴ?»

«ይሰማል።»

ልጁ ፈገግ አለ። ጋሽ ገብረ ሕይወት ፈገግታውን እስኪጨርስ ጠበቁት፤ ከዚያ የመሪጌታን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩት። ዳግም ባቄላን ዞሮ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነጋዴውንም ፒካፑንም ሳያነሳ፣ የምስጋና ጋራዥ ነገ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጠየቀ፤ አሮጌዋ ማርሚታ ሳትሸጥ ይደርስባት እንደሆን፣ ሞላውንም አብሮ ይመልስለት እንደሆን ብቻ ተጨነቀ።

«ስፖይለሩስ?» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ እኮ ድምፅ የለውም።»

አቶ ታደለ የራሰ ጋቢያቸውን ጨምቀው ክንፉ ላይ አሰጡት።

«እሱ ይቆይ» አሉ።